የአባቴ ቋጠሮ

ጁላይ 2፣ ማክሰኞ

ዛሬም ገብተን ወጣን። የባሌን የሙቱባንዳን የዘበኝነት መዝገብ ጻፍኩለት። «ጎብኚ ስድስት። ልዩ ነገር የለም።» እሱ ከጎኔ ቁጭ ብሎ የዘንባባ ስኳሩን እየነከሰ ሻዩን ይጠጣል። ፈርም አልኩት፣ ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ፣ ከገጹም ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ሳቅኩ... ከዚያ ሳቄ ጠፋ።

መሥሪያ ቤቱ ዘንድሮ ሁለት መዝገብ ልኮልን አንዱ ትርፍ ነው። ትርፉን እኔ ወሰድኩት። ለማንም የማልናገረውን እዚህ አሰፍራለሁ፣ ከሩዝ ጣሳው ኋላ እደብቀዋለሁ። ማን ያነበዋል? ባሌ እንኳ ቢያገኘው አያነበውም።

አያይማ! ሃያ ስድስት ዓመት የጥንቱን ገዳም ፍርስራሽ የጠበቀ ሰው ባለፈው ወር ለድንጋይ ምሰሶ እጁን አጣምሮ ሰላምታ ሰጠ። መነኩሴ መስሎት። የዐይን ሞራ ነው፣ ሁለቱንም። ቢናገር ዛሬውኑ ያሰናብቱታል፣ ጡረታው ደግሞ እስከ ኦክቶበር መቆየት አለበት። ስለዚህ ምሳ የምታደርስ ሚስት መስዬ ከፊት ከፊቱ እሄዳለሁ። «ሥር»፣ «ደረጃ»፣ «ወደ ቀኝ» እያልኩ በሹክሹክታ። የመንደሩ ሴቶች በዚህ ዕድሜያቸው ፍቅር አገረሸባቸው እያሉ ነው አሉ። ይበሉ።

እኔ ግን ያን ጫካ እፈራዋለሁ። እንደ ጉድ ነው የምፈራው። ሃያ ስምንት ዓመት ደጁን አልረገጥኩም ነበር፣ ድብ የአባቴን ፊት ግማሹን ከወሰደ ጀምሮ። ድብ ብዬ የጻፍኩት ቤቴ ውስጥ ስለሆንኩ ነው። ጫካ ውስጥ ስሙ አይጠራም። «ባለጠጉሩ» ነው የምንለው። ስሙን የጠራ ራሱን ጠራው ማለት ነው።

ጁላይ 4፣ ሐሙስ

ከኮሎምቦ አምስት ወጣቶች መጡ። አንዷ በነጭ ጫማ። ጫካ በነጭ ጫማ... እሺ።

መታጠፊያው ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ስንደርስ እንደ ወጉ ቀንበጥ ቆርጣችሁ ስቀሉ አላቸው ሙቱባንዳ። ገብቻለሁ፣ ጠብቀኝ ማለት ነው ለጫካው ጌታ። እየተሳሳቁ ሰቀሉ፣ ፎቶ ተነሡ። ሰው ሁሉ ቀንበጡን ቅርንጫፍ ላይ ጣል አድርጎት ይሄዳል። የኛ ቤት ብቻ ሁለት ጊዜ አጥፎ ጫፉን በራሱ ሥር ይሸጉጣል። አባቴ ነው ያስተማረን፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ቲላካን። ከኛ ሌላ እንዲህ የሚቋጥር የለም። ሙቱባንዳ «እናንተ ቤት ለጫካው ጌታ ፖስታ ነው የምትልኩት» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ እንጂ አባቴ በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው ሳይሰቅል የገባው፣ ማር አይቶ ቸኩሎ። ፊቱን ያጣው ያን ቀን ነው።

ድንጋይ ድልድዩ ላይ ባለ ነጭ ጫማዋ ጮክ ብላ «እዚህ ድብ አለ የሚሉት እውነት ነው?» አለች። ወፎቹ ዝም ያሉ መሰለኝ። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ የሱን ሸሚዝ ይዤ ቆምኩ። ማን ማንን ነው የሚመራው?

ምንም አልመጣም። መዝገብ ላይ፦ ልዩ ነገር የለም።

ጁላይ 8፣ ሰኞ

ከሦስተኛው እርከን ምሰሶዎች ሥር ጉድጓድ። ትናንት አልነበረም። ሙቱባንዳ አንድ እግሩን ሊያስገባበት ሲል በወገቡ ጎተትኩት።

ምንድን ነው አለኝ። ባለጠጉሩ ነው፣ ምስጥ ፍለጋ ኩይሳ ቆፍሮ ነው አልኩ። ምን ያህላል አለ። ትንሽ ናት አልኩ።

ትንሽ አይደለችም። ወገቤ ድረስ ናት። ኩይሳም አልነበረም እዚያ። ጠርዙ ደግሞ በቢላ እንደተቆረጠ ቂጣ ቀጥ ያለ... ድብ ጠርዝ አያስተካክልም። አካፋ ነው።

ውድ ዕቃ ፍለጋ የሚቆፍሩ ሰዎች ናቸው። ስለነሱ ብዙ ይወራል። ከድንጋዩ ሥር ያለው ሀብት ደም ካላየ አይወጣም ብለው ያምናሉ ይባላል። አንዳንዶች ዶሮ ነው ይላሉ፣ አንዳንዶች ዶሮ አይደለም ይላሉ። ሌሊቱን በሙሉ ስለዚያ «ዶሮ አይደለም» ስለሚለው አሰብኩ።

ለምን ዋሸሁት? ከነገርኩት ማመልከት አለበት። ካመለከተ አንተ ዘበኛው የት ነበርክ፣ እንዴት አላየህም ይሉታል። እንዴት አላየህም...

መዝገብ ላይ፦ ልዩ ነገር የለም። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለመድኩት ማለት ነው።

ጁላይ 11፣ ሐሙስ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁሌም መጀመሪያ የምንደርሰው እኛ ነን። ዛሬ ዛፉ ላይ አራት ትኩስ ቀንበጦች ተሰቅለው ጠበቁን። ወተታቸው ገና አልደረቀም።

ይገርማል። ሊሰርቁ ገብተው፣ በጨለማ ተደብቀው ገብተው... ቀንበጥ ሰቀሉ! ፖሊስ ያልፈራ ሰው የጫካውን ጌታ ፈራ። እኔ ብሆንም እሰቅል ነበር። ማንኛችንም እንሰቅል ነበር።

ሙቱባንዳ የራሱን እየዳበሰ ሰቀለ። እኔ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አራተኛው ሁለት ጊዜ ታጥፎ ጫፉ በራሱ ሥር ተሸጉጧል።

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ ገና አልሰቀልኩም ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ሙቱባንዳ። ጉንዳን ነከሰኝ አልኩ።

ጁላይ 12፣ ዓርብ

ቲላካ ዘንድ ሄድኩ። ባጃጁን እያጠበ ነበር። ጭቃው ቀይ ነበር፣ የጫካው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ዛሬም ሲዋሽ እንደ ልጅነቱ ጆሮውን ያካል።

መጀመሪያ አልገባኝም አለ። ከዚያ ጆሮውን አከከ። ከዚያ ውሃውን ደፍቶ ተቀመጠ።

መንገድ ብቻ ነው የማሳየው አለ። ከከተማ በቫን የሚመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ አስማት አውቃለሁ የሚል። ጎህ ሳይቀድ ይገባሉ፣ እስከ ሙሉ ጨረቃው በዓል ድረስ ብቻ፣ ከዚያ በቃ። ቀንበጥ ስቀሉ ያልኳቸውም እኔ ነኝ አለ፣ እንደ ጥሩ ሥራ።

ደሙስ አልኩት። ደም ይላሉ ሰዎች... ሳቀብኝ። ሲስቅ ግን ወደ በሩ አየ።

«ያ ጫካ የአባታችንን ፊት ወስዷል፣ አካ። እኔ ከሱ አንድ ድንጋይ ብወስድ ምን አለበት?»

አካ ብሎ ታላቅ እህትነቴን ሲጠራ ሆዴ ይባባል፣ ያውቃል። ማሊ፣ ታናሽ ወንድሜ አልኩት፣ ተው። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ የእናታችንን ስም ጠራሁ። ለሙቱባንዳ እነግረዋለሁ አልኩ። እሱም ንገሪው አለኝ። ከነገርሽው ወይ እኔን ያሳስረኛል፣ ወይ እኔን ደብቆ ጡረታውን ያጣል፣ አንዱን ምረጪለት አለኝ።

የዳጉሳ ቂጣ ይዤለት ሄጄ ነበር። ሰጥቼው ተመለስኩ።

ጁላይ 15፣ ሰኞ

የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ሄራት መጡ። ያልታወቀ ቫን መታየቱን ሰው ነግሯቸዋል። ሙቱባንዳ ምንም አላየሁም አለ፣ እውነቱን ነው። እኔ ሻይ ቀድቼ ቆምኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከፖሊስ ጋር እመጣለሁ አሉ። እኚህ ሰው እዚሁ የተወለዱ ናቸው፣ በልጅነታቸው ከአባቴ ጋር ማር ቆርጠዋል። ሻዩን ፉት አሉና ፈገግ ብለው እንዲህ አሉ። «ስንት እንደሆኑ ዛፉ ይነግረኛል። የዚህ አገር ሌባ ሳይሰቅል አይገባም። አሰቃቀሉን ካየሁ ደግሞ የማን ቤት እንደሆነም አውቃለሁ።»

ትሪው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንጫጫ። ሄራት የኔን እጅ አዩ። ሙቱባንዳ ሙቀቱ ነው አላቸው።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ

ቲላካን ላስጠነቅቅ ሁለቴ ሄድኩ። የለም። ስልኩም ዝግ ነው። የት ገባ? ጎረቤቱ ከቫኑ ሰዎች ጋር ወጥቶ ከትናንት ጀምሮ አልተመለሰም አለችኝ።

ነገ ረቡዕ ነው።

ጁላይ 17፣ ረቡዕ

መጻፍ አልችልም።

ጁላይ 18፣ ሐሙስ

እጽፋለሁ። ካልጻፍኩት ይፈነዳብኛል።

ትናንት ጠዋት ሙቱባንዳን ይዤ ዛፉ ጋ ደረስኩ። አራት ትኩስ ቀንበጥ። አንዱ የቲላካ። ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ከኋላችን፣ ከበሩ በኩል የሄራት መኪና ድምፅ ይሰማል።

አላሰብኩም። ወይም አስቤያለሁ... አስቤያለሁ። ሦስቱ ይያዙ፣ ምናገባኝ፣ የኔን ወንድም ማንም አይወቅብኝ ብያለሁ። እጄን ዘርግቼ የሱን ብቻ ከዛፉ አወረድኩ። ከምሳ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከሩዙ በላይ አስቀምጬ በጨርቅ ሸፈንኩት። የተሰቀለ ቀንበጥ የሚያወርድ ሰው አይቼ አላውቅም። ጣቶቼ ላይ ወተቱ ተጣብቆ ቀረ። ሙቱባንዳን እዚያው ትቼው እንግዶቹን ልቀበል ወደ በሩ ሮጥኩ።

ሄራት ዛፉን አዩት። እኔና ሙቱባንዳ ከሰቀልናቸው ሁለት ሌላ ሦስት ናቸው አሉ። ቅር አላቸው፣ ሁሉም ዝም ብሎ የተጣለ ነው፣ የእንግዳ አሰቃቀል ነው አሉ። ፖሊሶቹ አራት ነበሩ። በሁለት ተከፍለው ገቡ፣ እኛ ከሄራት ኋላ።

ከዚያ ጩኸት። ቁሙ የሚል። ሩጫ፣ የቅርንጫፍ ስብራት። ወሩ የፓሉ ዛፍ ፍሬ የሚበስልበት ነው፣ ባለጠጉሮቹ ጣፋጩን ፍሬ ሊበሉ ከነግልገላቸው ዛፉ ላይ የሚውሉበት። በዚያ በኩል ነው የሮጡት፣ ሞኞች። ከድንጋዩ ኩሬ አጠገብ ተያዙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሄራት ደስ አላቸው። «ዛፉ አይዋሽም አላልኩም?»

ያን ጊዜ ከሩቅ አንድ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው... ወይም ሰው ያልሆነ።

ጦጣ ነው አለ አንዱ ፖሊስ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። አራት ናቸው ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል! የተያዙት ሦስቱም መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። አምልጦ ይሆናል አልኩ ለራሴ፣ መንገዱን ከሱ በላይ ማን ያውቀዋል። ጦጣ ነው፣ ጦጣ ነው እያልኩ ወጣሁ። ሰዎቹን ጭነው ሄዱ። ፍለጋ የሚባል የለም፣ ሦስት ገብተው ሦስት ተይዘዋላ።

ቤት ገባን። ሙቱባንዳ በሩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ምድጃው ጋ። መዝገቡን ጻፍኩ፣ «ሦስት ሰዎች ተያዙ»። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። የቲላካ ባጃጅ ከደጃችን ማዶ ካለው ቀርከሃ ኋላ ተደብቆ እንደቆመ ነው። ቅርጫቱን አልከፈትኩም። አምስት ሰዓት። ከሱ ቤት የሚመጣው መንገድ ላይ ዐይኔን ተክዬ... ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሣሁ። ሙቱባንዳ በትሩን ይዞ ቆሞ አገኘሁት።

«ቲላካ ውስጥ ነው» አልኩት።

«እንሂድ» አለ። ይኸው ብቻ። አልጠየቀኝም።

የማያይ ሰውና የምትፈራ ሴት። ሁለታችን ብቻ ገባን። አልጠራሁትም፣ መጥራት ፈራሁ፣ ግልገል ያላት እናት እዚያው ናት። የፓሉ ዛፎቹ ሥር መሬቱ ታርሷል። ቅጠሉ ላይ ደም፣ የብዙ ሰው የሚያህል ደም። አንድ ጫማ። ከግራ በኩል ያ ድምፅ፣ ባለጠጉሩ ምስጥ ሲምግ የሚያሰማው እንደተደፈነ አፍንጫ ያለ... ቆምን። ሙቱባንዳ እጄን ጨበጠኝ። ስንት ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። ሽንቴ አምልጦኛል፣ ይኸው ጻፍኩት።

ድምፁ ራቀ።

ያገኘው ሙቱባንዳ ነው። እኔ ደሙን እየተከተልኩ ዐይኔ እንባ ሞልቶት ሳለ እሱ ቆሞ አንገቱን ዘመም አደረገና «ይተነፍሳል» አለ። የጥንቶቹ መነኮሳት በሽተኛ መድኃኒት ውስጥ የሚያስተኙበት፣ በሰው ቁመና የተፈለፈለ ድንጋይ አለ። ትከሻው፣ ወገቡ፣ እግሩ ሁሉ የተሠራለት። ከልጅነቴ የማልወደው ድንጋይ። እዚያ ውስጥ ገብቶ ተጋድሟል። ልክክ ብሎ። ቅጠል በላዩ ጎትቶ።

በሸሚዙ ነው ያወቅኩት። ፊቱ... አልጽፈውም። የአባቴ ነው።

ጁላይ 20፣ ቅዳሜ፣ የጨረቃ በዓል

ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤተ መቅደስ ሄደ። እኔ ቲላካ የተኛበት ሆስፒታል በር ላይ ነኝ። ግራ ዐይኑ ጠፍቷል፣ መንጋጋው ተሰብሯል። ይተርፋል አሉ። ከአልጋው አጠገብ ፖሊስ ተቀምጧል።

ሄራት መጥተው ነበር። አራተኛ ሰው እንዳለ እንዴት ሳተኝ እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ወደኔ አዩ፣ ረጅም። አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር? ሙቱባንዳ መሃል ገብቶ ስለ ዐይኑ ነገራቸው። ጌታዬ፣ አላይም፣ ከሜይ ጀምሮ አላይም አላቸው። እንዲህ በቀላሉ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ወር ስንሳቀቅ የኖርነው።

ቅርጫቱን ዛሬ ከፈትኩት። ሩዙ ሻግቷል። ቀንበጡ ደርቋል፣ ቋጠሮው ግን አልተፈታም። ምን ላድርገው? መጣል አልችልም። ማቃጠልማ... መልሼ ብሰቅለው ማን ይቀበለኛል?

በዚህ ደብተር መጨረሻ፣ በገጾቹ መሃል አስቀመጥኩት።

ጁላይ 25፣ ሐሙስ

እህል አይወርድልኝም። ዐይኔን ስጨፍን እጄ ሲዘረጋ አያለሁ። የፖሊስ ፍርሃት፣ የሄራት ፍርሃት፣ የጡረታ ፍርሃት... ሁሉን ፈርቼ፣ የሚፈራውን ብቻ ሳልፈራ ቀረሁ። እሱም ተያዘ፣ የደበቅኩበት ነገርም ከንቱ ሆነ።

ጁላይ 29፣ ሰኞ

ዛሬ ተናገረ። በፋሻው መሃል፣ በግማሽ አፍ። ውሃ ይላል ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ሰቅዬ ነበር እኮ፣ አካ። አባባ እንዳስተማረን አድርጌ። ለምን ታዲያ?»

ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። የአልጋውን ብረት ቀለም በጥፍሬ እፍቃለሁ።

ከኋላዬ ሙቱባንዳ «ነፋስ ጥሎት ነበር» አለው። «ጠዋት ስዳብስ አጣሁትና ሌላ ሰቀልኩልህ። ተሰቅሎልህ ነበር፣ ስለዚህ ነው የተረፍከው።»

ቲላካ ዐይኑን ጨፈነ። አንዱን።

ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም።

ታዲያ ሙቱባንዳ ያውቃል? ከመቼ ጀምሮ?

ጁላይ 30፣ ማክሰኞ

ብቻዬን ዛፉ ጋ ሄድኩ። ብቻዬን! በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ዙሪያውን ፈለግኩ። ከጀርባው በኩል፣ ከመንገዱ በማይታይበት ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አገኘሁት። የደረቀ ቀንበጥ። ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ጫፉ ግን በራሱ ሥር ሳይሆን በጎን ተወትፏል፣ በሣር ታስሯል እንዳይፈታ። የማያውቅ ሰው በጣቱ አጥንቶ የሠራው።

በየጠዋቱ የራሱን እየዳበሰ ሲሰቅል... ጣቶቹ የኛን ቋጠሮ አግኝተውት ኖሯል። ከመጀመሪያው ቀን።

ማታ ራት ስናቀርብ ጠየቅኩት። ለምን አልተናገርክም፣ ሁሉን ስታውቅ፣ ያን ሁሉ ሰዓት በር ላይ ስትቀመጥ?

«አንቺ እስክትናገሪ እየጠበቅኩ ነበር» አለኝ። «ወንድምሽ ነው። እኔ ከተናገርኩ ዕድሜሽን ሙሉ አስያዝከው ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እኔ እሱ አያውቅም ብዬ። እሱ እኔ እስክናገር ብሎ። ያ ልጅ ድንጋይ ውስጥ ተጋድሞ። አለቀስን፣ ሩዙ በረደ።

ኦገስት 19፣ ሰኞ

ቲላካ በዋስ ወጣ። ቤቱ ወስጄ አስተኛሁት፣ ሾርባ በማንኪያ አጠጣሁት። ከዚያ ነገርኩት። እኔ ነኝ ያወረድኩት አልኩት፣ ነፋስ አይደለም። ጩኸትህንም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ደብተሩ ውስጥ ያለውን ቀንበጥ አውጥቼ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩለት።

ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂጂ» አለ። አካ አላለኝም።

ሴፕቴምበር 3፣ ማክሰኞ

ምግብ አደርሳለሁ። በሩ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ሳህኑ ታጥቦ ይጠብቀኛል፣ ሰውየው አይታይም።

ሙቱባንዳ የአንድ ዐይኑ ሞራ በቀዶ ጥገና ወጣለት። ፋሻው ሲነሣለት መጀመሪያ ያለኝ «አርጅተሻል» ነው። ወይ ጉድ። ይህን ለመስማት ነው ያን ሁሉ ጸሎት። ሄራት እስከ ኦክቶበር የሕመም ፈቃድ ሰጥተውታል፣ እስከዚያ በሩን እኔ እጠብቃለሁ። እኔ! ዘበኛ።

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

ፍርድ ቤቱ ቲላካ የቆፈሩባቸውን ቦታዎች እየመራ እንዲያሳይ አዝዟል፣ ምሰሶዎቹ እንዲጠገኑ። ሄራት፣ አንድ ፖሊስ፣ ሙቱባንዳ፣ እኔ። እሱ ከመኪናው ሲወርድ አላየኝም፣ ወይም በጠፋው ዐይኑ በኩል ቆሜ ነው። በጨርቅ ፊቱን እስከ አፍንጫው ሸፍኗል። ፍርሃቱ ሁለታችንንም አልለቀቀንም፣ ይለቅቀኛል ብዬም አልጠብቅም።

ዛፉ ጋ ቆምን። ሄራት ሰቀሉ። ፖሊሱ፣ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ፣ እያፈረ ሰቀለ። ሙቱባንዳ በአንድ ዐይኑ እያየ፣ እየኮራ ሰቀለ። ቲላካ ቀንበጥ ቆረጠ። አንዴ አጠፈው። እጁ አልታዘዝ አለው፣ ቀንበጡ ወደቀ። አነሣው። ደግሞ ወደቀ። ሁላችንም ወደ ሌላ ወደ ሌላ እያየን ጠበቅነው። ከዚያ ዞሮ መጣና ቀንበጡን ወደኔ ዘረጋው።

«እሰሪልኝ፣ አካ።»

ተቀበልኩት። ሁለት ጊዜ አጠፍኩ፣ ጫፉን በራሱ ሥር ሸጎጥኩ፣ ከፍ አድርጌ ከመንገድ በሚታይበት ሰቀልኩለት። የኔን ከጎኑ። ወተቱን ከጣቴ አልጠረግኩትም። ከፊት ገባሁ፣ «ሥር»፣ «ደረጃ»፣ «ወደ ቀኝ» እያልኩ፣ እሱ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ።

ማታ መዝገቡን ራሴ ጽፌ ራሴ ፈረምኩ። አምስት ሰው ገባ። አምስት ሰው ወጣ።